«የአስካይ አውሮፕላን» ወይስ «የኢትዮጵያ አውሮፕላን»?

ጥያቄ፦ የአቪዬሽን ዜና እጽፋለሁ። መቀመጫው ቶጎ የሆነው አየር መንገድ አስካይ ከሎሜ ከሚያበርራቸው ቦይንግ 737 አውሮፕላኖች አንዳንዶቹ ጅራታቸው የአስካይ ቀለም ተቀብቶ፣ የምዝገባ ምልክታቸው ግን የሚጀምረው በኢትዮጵያ መለያ በ«ኢቲ» ነው። «የአስካይ አውሮፕላን» ልበል ወይስ «የኢትዮጵያ አውሮፕላን»?

መልስ፦ «የአስካይ አውሮፕላን» ይበሉ። ምክንያቱን ግን ማወቅ ይገባል፤ ሌላ ዜና ሲጽፉ ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣልና።

«የ» ባለቤትነትን ብቻ አይናገርም። «የአልማዝ ቤት» ስንል አልማዝ የሠራችው፣ የወረሰችው ወይም ኪራይ የምትከፍልበት ሊሆን ይችላል። አንድ አውሮፕላንም ባለቤቱ አንድ፣ የተመዘገበበት አገር ሌላ፣ የሚያበርረው ድርጅት ሌላ፣ የተቀባው ቀለም ደግሞ የሌላ ሊሆን ይችላል። «የ» አራቱንም ይሸከማል። ተራ አንባቢ «የእገሌ አውሮፕላን» ሲባል የሚረዳው በረራውን የሚያካሂደውን ነው፤ ስለዚህ «የ»ን ለአብራሪው ድርጅት ይተዉለትና የቀሩትን በግሥ ይግለጹ፦ «በኢትዮጵያ የተመዘገበ የአስካይ ቦይንግ 737»። «ኢቲ» የሚነግረን ምዝገባውን ብቻ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ዓለም አቀፍ የአቪዬሽን ውል፣ በቺካጎ ስምምነት መሠረት አውሮፕላን የተመዘገበበትን አገር ዜግነት ይይዛል፤ በሁለት አገር መመዝገብም አይችልም። «የኢትዮጵያ አውሮፕላን» ካሉ ግን አንባቢው አየር መንገዱን እንጂ መዝገቡን አያስብም።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ዜና የሚያበላሸው «ተከራየ» ነው። «አየር መንገዱ የተከራየው አውሮፕላን» ከሌላ የወሰደው ነው፤ «ያከራየው» ለሌላ የሰጠው። ሆኖም «ቤቱ ተከራየ» እንደምንለው «አውሮፕላኑ ተከራየ» ማለትም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግሡ ተገብሮ ሆነ ማለት ነው። አሁን «የተከራየው የአስካይ አውሮፕላን» የሚለውን ይመልከቱ፦ አስካይ ከሌላ የወሰደው ነው ወይስ ለሌላ የሰጠው? ዓረፍተ ነገሩ መልስ የለውም። መፍትሔው «ከ» እና «ለ» ናቸው፦ «አስካይ ከእገሌ የተከራየው»፣ «አስካይ ለእገሌ ያከራየው»። ሁለቱ ፊደላት ካልተጻፉ የኪራይ ዜና አይታተም።

ኪራዩም ዓይነት አለው። አውሮፕላኑ ብቻ ሲወሰድ ተከራዩ በራሱ አብራሪዎችና በራሱ ፈቃድ ያበርረዋል። አውሮፕላኑ ከአብራሪው፣ ከአስተናጋጁ፣ ከጥገናውና ከኢንሹራንሱ ጋር ሲመጣ ግን የበረራው ኃላፊነት በአብዛኛው በአከራዩ ላይ ይቆያል። ለዚህ አማርኛ «ከነ» የምትባል ውብ ቅጥያ አለው፦ «ከነሠራተኞቹ ተከራየ»። ከስሙ ጋር ተያይዛ ትጻፋለች። ይህች አንዲት ቃል ከቀረች፣ አደጋ ቢደርስ ተጠያቂው ማን እንደሆነ አንባቢ ሊያውቅ አይችልም።

ቀለሙን በተመለከተ፦ ነጭ አካል፣ ጥቁር ጅራትና የኮከብ አርማ ያለውን አውሮፕላን «የስታር አሊያንስ አውሮፕላን» የሚሉ አሉ። ስታር አሊያንስ የአየር መንገዶች ኅብረት ነው፤ ራሱ መንገደኛ አያጓጉዝም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ከገባበት በኋላ ጥቂት አውሮፕላኖቹን በዚሁ ቀለም ቀብቷል። እንዲህ ይጻፍ፦ «የስታር አሊያንስን ቀለም የተቀባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን»። «ን»ዋ አትቅር፤ የመጀመሪያው «የ» ከቀለሙ ጋር እንጂ ከአውሮፕላኑ ጋር እንዳልሆነ ቶሎ የምታሳየው እሷ ናት።

«አለው»ም የ«የ» ችግር አለበት። «20 አውሮፕላኖች አሉት» ሲባል የተከራያቸው ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም? ከተቆጠሩ «20 አውሮፕላኖች ያበርራል»፣ የራሱን ብቻ ከሆነ «በባለቤትነት የያዛቸው 20 ናቸው» ይበሉ። ለጥገና የቆሙት ካልተካተቱም «በሥራ ላይ ያሉት» የሚለውን ይጨምሩ።