ዶሜኑን በራስሽ ስም አስመዝግቢ

«ድሬ ሆኜ የግራፊክስ ሥራ በፍሪላንስ እሠራለሁ፤ የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል እያለኝ የራሴ ዶሜን ለምን ያስፈልገኛል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። ያስፈልግሻል አቦ! ዶሜን ማለት እንደ «ስምሽ ዶት ኮም» ያለ፣ ዌብሳይትሽና ኢሜይልሽ የሚጠሩበት የኢንተርኔት አድራሻ ነው። እኔም ያንቺኑ ሥራ ነው የምሠራው፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

1ኛ. ገጹም ቻናሉም ያንቺ አይደለም። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው የነበረውን አስታውሺ። ቪፒኤን የማያውቅ ደንበኛ እኛን ሲያጣ ሌላ ጋ ሄደ።

2ኛ. ኢሜይል። በነሐሴ 2014 የድሬዳዋ ነፃ ንግድ ቀጠና ከተከፈተ ወዲህ እዚህ ከተማ ትልልቅ ድርጅቶች ሥራ ይሰጣሉ። ጅቡቲ ያሉትም እንደዚያው። ሒሳብ ክፍላቸው በጂሜይል የመጣ ኢንቮይስ ሲያይ ይጠራጠራል። በራስሽ ዶሜን ሲመጣ ግን ቢያንስ ማን እንደሆንሽ ገብቶ ያያል።

3ኛ. ይሄን ረጋ ብለሽ አንብቢ። ዌብሳይት የሚሠራልሽ ሰው ዶሜኑን በማን ስም ነው የሚያስመዘግበው? የእኔን የሠራው አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነው። ሙሉውን ከፍያለሁ፤ ደረሰኙም ላይ «የዶሜን ምዝገባ» ተብሎ ተጽፏል። ዓመት ሲሞላ ለእድሳት እጥፍ ድርብ ጠየቁኝ። «ዶሜኔን ስጡኝ፣ ሌላ ቦታ አሳድሳለሁ» ስላቸው ስልክ ማንሳት አቆሙ። ከድሬ ተነስቼ ቢሮአቸው ድረስ ሄድኩ። ሰውየው ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳን ሳይል «ዶሜኑ የድርጅታችን ነው፣ አንተ ተከራይ ነህ» አለኝ። ካርዴ ላይ ያሳተምኩት፣ ከዚራ ሰፈር ያሉ ደንበኞቼ ሁሉ የሚያውቁኝ ስም እኮ ነው! ደረሰኙን ዘርግቼ ባሳየውም «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ አሰናበተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዶሜን ባለቤት የከፈለው ሰው ሳይሆን በስሙ የተመዘገበለት ሰው ነው። ለዶት ኮምና ለመሰሎቹ ደንብ የሚያወጣው አይካን፣ ዶሜኑን ወደ ሌላ መዝጋቢ ድርጅት የማዘዋወሪያ ኮድ ሲጠየቅ በ5 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ጠያቂው ግን ተመዝጋቢው መሆን አለበት። ተመዝጋቢዎቹ ደግሞ እነሱው ነበሩ።

እድሳቱን ሲተዉት የጠፋው ዌብሳይቱ ብቻ አይደለም፣ ኢሜይሉም አብሮ ቆመ። የጅቡቲ ደንበኛዬ የላከው የሥራ ትእዛዝ ተመለሰበት። እኔ እሱን ስጠብቅ፣ እሱ «ዘግቶ ሄዷል» ብሎ ሥራውን ለሌላ ሰጠ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ዶሜኑ የሚመዘገብበትን አካውንት ራስሽ ክፈቺ፣ በራስሽ ስልክና በጂሜይልሽ። ለምዝገባ የምትሰጪው ኢሜይል በዚያው ዶሜን ላይ ያለው እንዳይሆን፤ ዶሜኑ ሲቋረጥ እሱም ስለሚቋረጥ ፓስዋርድ መቀየሪያ ታጫለሽ። ለሠሪው መግቢያ ስጪው እንጂ ባለቤት አታድርጊው። «በኛ ስም ይመዝገብና በኋላ እናዛውርልሻለን» ካሉሽ እምቢ በዪ፤ አዲስ ዶት ኮም እንደሆነ ለ60 ቀን ወደ ሌላ መዝጋቢ አይዛወርም፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ማን ስልክ ያነሳልሻል? ዋጋው እንደሁ አያስፈራም፣ ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው። የዶላር ካርድ ከሌለሽ በብር የሚሸጡ የአገር ውስጥ ድርጅቶች አሉ። ዶት ኢቲ ከፈለግሽ ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

እኔ አሁን ያለኝን ዶሜን ራሴ አስመዝግቤ የብዙ ዓመት ቀድሜ ከፍያለሁ (እስከ 10 ዓመት ይቻላል)። ሥራዎቼን በወግ በወጉ አስቀምጬበታለሁ። ሳቢያን ሰፈር ያለ አንድ ሆቴል ሙሉ ሜኑውንና ታፔላውን የሰጠኝ እሱን አይቶ ነው፣ ፊቴን እንኳን ሳያውቅ። ኮራሁ!

ዌብሳይት እያሠራሽ ከሆነ ዛሬውኑ ደውለሽ የዶሜኑ አካውንት በማን ኢሜይል እንደተከፈተ ጠይቂ። ገና ካልጀመርሽ ደግሞ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ምዝገባውን ቁጭ ብለን አብረን እንጨርሰዋለን።