መልስ፦ ሕጉ አንድ፣ ስቴቱ ሌላ

እህቴ፣ «እኔ ቴክሳስ፣ የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ፤ ገቢያችን እኩል ነው። እሷ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን) ስታገኝ እኔ ለምን ተከለከልኩ?» ላልሽው፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። በፈረንጆቹ 2010 በአሜሪካ የወጣው የኦባማ የጤና መድን ሕግ ሜዲኬይድን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አዋቂዎች በሙሉ ሊያዳርስ ነበር። በ2012 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነገሩን ለየስቴቱ ተወው። ቨርጂኒያም ብትሆን የገባችበት ገና በ2019 ነው። ከወጪው 90 በመቶውን ፌዴራል መንግሥቱ ይከፍላል፤ ቀሪውን 10 በመቶ ስቴቷ ከሆስፒታሎች በምትሰበስበው ክፍያ ትሸፍናለች። ቴክሳስ አልገባችም። እዚያ ልጅ፣ እርግዝና ወይም አካል ጉዳት የሌለበት፣ ከ65 ዓመት በታች የሆነ አዋቂ የቱንም ያህል ቢቸገር በአብዛኛው አያገኝም። እውነት ለመናገር ይሄ ያንገበግበኛል። እዚህ ቨርጂኒያ ጎረቤቴን ፎርም ሳስሞላት የደመወዝ ወረቀቷን ብቻ ነበር የያዘችው፤ በቃት። አንቺ ግን ገቢሽ ከድህነት ወለሉ በላይ ከሆነ በማርኬትፕሌስ (ሕጉ ባቋቋመው የጤና መድን መግዣ) በኩል አመልክቺ፤ የወርሃዊ ክፍያ ድጎማ አለው።