ጎን ለጎን የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ስለ ማገናኘት፦ ለጀማሪ የሶፍትዌር ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

ሥራ ስትጀምሩ አብዛኛው ትኩረታችሁ ኢንተርኔት ላይ ነው። መልእክት ባሕር ተሻግሮ እንዴት እንደሚደርስ፣ መስመር ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ ትማራላችሁ፤ ይህ መልካም ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያሉ ሁለት ፕሮግራሞችን ማገናኘት ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ ይረሳና «እዚያው በዚያው ነው፣ ምን ይመጣል?» ይባላል። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው አድካሚ ብልሽቶች ብዙዎቹ የመጡት ከዚህ አስተሳሰብ ነው። ስለዚህ አደራ የምላችሁ ነገር ይህ ነው፤ ጎረቤት ፕሮግራምን እንደማታውቁት መንገደኛ ቁጠሩት። ሊዘገይ፣ ሊሞት፣ ነኝ ያለውን ላይሆንም ይችላል።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የተከለለ የሜሞሪ ክልል ይሰጠዋል፤ በአንዱ ፕሮግራም ውስጥ ያለ አድራሻ ለሌላው ፕሮግራም ትርጉም የለውም። ይህ አጥር ባይኖር ኖሮ የአንዱ ስሕተት ሌሎቹን ሁሉ ይዞ ይወድቅ ነበር። ፓይፕ (የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ወደ ሌላው የሚያፈስ ቧንቧ) ይሁን ሶኬት (በሁለቱም አቅጣጫ መረጃ የሚተላለፍበት መስመር) ወይም የጋራ ሜሞሪ (ሁለቱም የሚያነቡትና የሚጽፉበት የሜሞሪ ክፍል)፣ በአጥሩ ላይ የሚከፈተውን በር የምትከፍቱት እናንተ ናችሁ፤ ጠባቂውም እናንተው ናችሁ።

ከበሮቹ ሁሉ እኔ የምወደው ፓይፕን ነው። የቤል ላብስ ተመራማሪ የነበረው ዳግ ማኪልሮይ ፕሮግራሞችን አንዱን ከሌላው ጋር የማያያዝን ሐሳብ በ1964 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አቀረበ፤ የሥራ ባልደረባው ኬን ቶምፕሰን ደግሞ በ1973 በዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ እውን አደረገው። ያ ሥራ እስከ ዛሬ በየቀኑ ያገለግለናል። ነገር ግን ፓይፕ ልክ አለው። የዩኒክስ ቤተሰብ በሆነው ሊኑክስ ላይ፣ ካልተቀየረ በቀር፣ የሚይዘው 65,536 ባይት ነው፤ ይህን ቁጥር አለማወቅ ምን እንደሚያስከትል ልብ ብላችሁ ተከተሉኝ።

ፕሮግራማችሁ ሌላ ፕሮግራም አስነስቶ በአንድ ፓይፕ መረጃ ይልክለታል፣ በሌላ ፓይፕ ውጤቱን ይቀበለዋል እንበል። «መጀመሪያ ሁሉንም ልኬ ልጨርስ፣ ከዚያ ውጤቱን አነባለሁ» ብላችሁ ጻፋችሁት። በትንሽ ፋይል ስትፈትሹት ያለ እንከን ይሠራል። ትልቅ ፋይል የመጣ ቀን ግን ተቀባዩ እያነበበ ውጤቱን ሲጽፍ የመመለሻው ፓይፕ ይሞላል። የሚያነብለት ስለሌለ ቆሞ ይጠብቃል። እርሱ ማንበብ ስላቆመ የመላኪያው ፓይፕም ይሞላል፤ አሁን የእናንተም ፕሮግራም ቆሞ ይጠብቃል። የስሕተት መልእክት አይወጣም። ሁለቱም በሚሠሩ ፕሮግራሞች ዝርዝር ላይ ይታያሉ፣ ፕሮሰሰሩ ግን ሥራ ፈትቷል፤ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሰው መጥቶ እስኪገድላቸው ድረስ ይኖራሉ። መድኃኒቱ መላክንና መቀበልን ጎን ለጎን ማካሄድ ነው። በፈተና ጊዜ ደግሞ ከ65,536 ባይት እጅግ የሚበልጥ መረጃ ሳትልኩ «ይሠራል» አትበሉ።

ሌላው በአጭሩ የምነግራችሁ፣ ፓይፕ የሚያስተላልፈው ባይት እንጂ መልእክት አይደለም። የላካችኋቸው ሁለት መልእክቶች ተጣብቀው፣ ወይም አንዱ ለሁለት ተከፍሎ ሊነበብ ይችላል። ከእያንዳንዱ መልእክት በፊት ርዝመቱን ላኩ።

ፍጥነት የሚወዱ ወጣቶች ወዲያው የጋራ ሜሞሪን ይመርጣሉ። እውነት ነው፣ መረጃው ከቦታ ቦታ ስለማይገለበጥ ከእርሱ የሚፈጥን የለም። ነገር ግን አንዱ እየጻፈ ሌላው እንዳያነብ መቆለፊያ ያስፈልጋል፤ ከመቆለፊያ ጋር የሚመጣው ጣጣ ደግሞ ብዙ ነው። ማርስ ፓዝፋይንደር የተባለችው መንኮራኩር ሐምሌ 1997 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ ካረፈች በኋላ ኮምፒውተሯ በተደጋጋሚ ራሱን እያጠፋ ይነሣ ጀመር። የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው ዝቅተኛ ቅድሚያ የተሰጠው ሥራ አንድ የጋራ መቆለፊያ ይዞ ነበር። ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ ያንን መቆለፊያ ይጠብቃል፤ መካከለኛ ቅድሚያ ያለው ሌላ ሥራ ደግሞ ፕሮሰሰሩን ይዞ ዝቅተኛው ሥራውን ጨርሶ መቆለፊያውን እንዳይለቅ ያግደዋል። ተቆጣጣሪው ክፍል አስፈላጊው ሥራ በሰዓቱ አለመጠናቀቁን ሲያይ ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሣል። መሐንዲሶቹ ችግሩን ምድር ላይ ባለው አምሳያ ደግመው ካዩት በኋላ፣ መቆለፊያ የያዘ ሥራ የሚጠብቀውን ሥራ ቅድሚያ እንዲወርስ የሚያደርገውን ቅንብር ከምድር ልከው አስተካከሉት። እነዚያ ሥራዎች የነበሩት በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ መቀራረብ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ፓይፕ ወይም ሶኬት ለፍጥነታችሁ እንደማይበቃ ለክታችሁ ሳታረጋግጡ ወደ ጋራ ሜሞሪ አትሂዱ።

«ፋይል ፈጥሬ ተቆልፏል ብዬ ምልክት አደርጋለሁ» የሚለውንም ዘዴ ተጠንቀቁ። ፋይሉን የፈጠረው ፕሮግራም በድንገት ሲሞት ምልክቱ ይቀራል፤ ሌላው የሞተውን ሲጠብቅ ይኖራል። በተከፈተ ፋይል ላይ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) የሚይዘው መቆለፊያ ግን ፕሮግራሙ ሲሞት አብሮ ይለቀቃል። ከርነሉ ሊሠራው የሚችለውን ለእርሱ ተዉለት።

ስለ ደኅንነት ደግሞ አጥብቄ ላሳስባችሁ። 127.0.0.1 (ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ) ላይ ብቻ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ከሌላ ኮምፒውተር በቀጥታ አይደረስበትም፤ ይህ ብዙዎችን ያዘናጋል። በዚያው ኮምፒውተር ላይ ያለ የማንኛውም ተጠቃሚ ፕሮግራም ግን ሊደርስበት ይችላል። በብሮውዘር የተከፈተ ድረ ገጽ እንኳ ወደዚያ አድራሻ ጥያቄ ለመላክ ሊሞክር ይችላል። በዩኒክስ ቤተሰብ ሲስተሞች በፋይል ስም የሚጠራ ሶኬት አለ፤ ማን ይግባ የሚለውን በፋይል ፈቃድ ትወስናላችሁ፤ ሊኑክስ ላይ ደግሞ የመጣው ተጠቃሚ ማን እንደሆነ ከርነሉን መጠየቅ ይቻላል። ይህን እያለ በሩን ለሁሉም ከፍቶ መተው ለሰዎች መረጃ አለመጨነቅ ነው፤ እኛን አምነው መረጃቸውን የሰጡንን ሰዎች እንዲህ ልናደርጋቸው አይገባም።

በመጨረሻም ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ሌላኛውን ፕሮግራም መልእክት በማስተላለፍ ላይ ሳለ ግደሉት። ከዚያ ደግሞ ሳትገድሉት አግዱት፤ ሊኑክስ ላይ ሲግስቶፕ የሚባለው ምልክት ይህን ያደርጋል። የሞተ ፕሮግራም መስመሩ ስለሚዘጋ መሞቱ ይታወቃል። የታገደው ግን መስመሩ ክፍት እንደሆነ ዝም ይላል፤ ከእርሱ የሚያላቅቃችሁ እናንተ ያስቀመጣችሁት የጊዜ ገደብ ብቻ ነው። ገደቡ ስንት ሰከንድ ይሁን፣ ሲያልፍስ ለተጠቃሚው ምን ይነገረው የሚለውን ኮዱን መጻፍ ሳትጀምሩ ወስኑ።