የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ለግድግዳ የሚሆን ግጥም

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የምንኖር ጥቂት ገጣሚያን የጋራ የግጥም መድበል ለማሳተም እየተዘጋጀን ነው። ከመድበሉ የተመረጡ ስንኞችንም በፒያሳና በመናኸሪያው አካባቢ በግድግዳ ላይ ለማጻፍ አስበናል። ከረጃጅሞቹ ግጥሞች ያማሩትን ስንኞች ብቻ ብንወስድ ተገቢ ይሆናል? ከአረጋውያን የሰበሰብናቸውን የእስልምና መንፈሳዊ ዝማሬዎች፣ መንዙማዎችስ፣ ከአዲሶቹ ግጥሞች ጋር ማካተት ይቻላል?

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ሐሳባችሁን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ ስንኝ ቆርጦ ማውጣቱን ግን አልስማማበትም። ከረጅም ግጥም የተነጠለ ስንኝ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ምክር ወይም መፈክር ይመስላል፤ ገጣሚው ወደዚያ ቃል የደረሰበትን መንገድ አላፊ አግዳሚው አያየውምና። ስለዚህ ለግድግዳ የሚሆኑትን ለብቻ ምረጡ፤ አጭር ሆነው በራሳቸው የተሟሉትን ማለቴ ነው። በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1986 ጁዲት ቸርኔይክ ከሁለት ገጣሚያን ጋር ሆና የጀመረችው ሥራ መንገደኛው ተቀምጦ የሚያነባቸውን አጫጭር ግጥሞች በማስታወቂያ ቦታዎች ላይ በማስቀመጥ የተነሣ ሲሆን፣ መድበሎቹ የታተሙት ከዚያ በኋላ፣ ከተሰቀሉት ግጥሞች ተሰብስበው ነው። እናንተም ይህንኑ ቅደም ተከተል ብታስቡበት መልካም ነው።

አንድ ነገር ልለይ። ገጣሚው ለቦታው ብሎ የጻፈው ግጥም ከሆነ መከፋፈሉ የሥራው አካል ሊሆን ይችላል። ትውልዱ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የሆነው ገጣሚ ለምን ሲሳይ የባሪያ ንግድ የተሻረበትን መታሰቢያ በማስመልከት የጻፈው ግጥም፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በለንደን ከተማ በተመረቀው ሐውልት የሸንኮራ አገዳ በሚመስሉ የድንጋይ ዐምዶች ላይ ተቀርጿል።

አጻጻፉም ከምርጫው ያላነሰ ጥንቃቄ ይሻል። በሆላንድ ሌይደን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከመቶ በላይ ግጥሞች በየግድግዳው ላይ የተሳሉት በተጻፉበት ቋንቋና ፊደል ነው። የእኛ ገጣሚያን አብዝተው የሚጽፉበት የወል ቤት ደግሞ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (ማለትም የድምፅ ክፍል) ያላቸው ሁለት ሐረጎች አሉት፤ ሠዓሊው ግድግዳው ባለቀበት ቦታ ሁሉ ቃሉን ወደ ታች ካወረደው ምቱ ይፈርሳል። ቦታው ከጠበበ ስንኙ መታጠፍ ያለበት ሐረጉ በሚያልቅበት ብቻ ነው። ለዚህም ሠዓሊው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ገጣሚው ሥራውን ጮክ ብሎ ያንብብለት።

የመብቱ ነገር በዋዛ አይታለፍ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ስሙ እንዲጠቀስለትና ሥራው እንዳይዛባበት የመጠየቅ መብትም አለው። እንግዲህ ለመጽሐፉ የተሰጠ ፈቃድ ለግድግዳው እንደማይበቃ ቆጥራችሁ ሁለቱን በጽሑፍ ለየብቻ አስፈቅዱ፤ የሕንፃው ባለቤትና ማዘጋጃ ቤቱም እንዲሁ ይጠየቁ።

መንዙማን በመድበሉ ማካተት ይቻላል፤ እንዲያውም ወሎ ላይ የሚታተም መድበል ያለ እርሱ ጎደሎ ይመስለኛል። ዓለሙ ተበጀና ክሪስ ቤኬት ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት የአማርኛ ግጥም መድበል የሕዝቡን የቃል ግጥምና ሃይማኖታዊ ግጥም ከዛሬዎቹ ገጣሚያን ጋር በአንድ ጥራዝ አቅርቧል። የወሎ መንዙማ በየሐድራው፣ ማለትም በየጸሎትና ዝማሬ ጉባኤው፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ከመኖሩም በላይ፣ የእስልምና ሊቃውንቱ፣ ዑለማው፣ አማርኛውን በዐረብ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ እየጻፈ ጠብቆታል። ወደ ግእዝ ፊደል ስታዞሩት የደራሲው ስም ከታወቀ የእርሱን፣ ካልታወቀም ያዜሙላችሁን አባት ወይም እናት ስምና አገር በፈቃዳቸው አስፍሩ፤ አዝማቹ የሚመለስበትንም ቦታ ሳትዘሉ አመልክቱ፤ ተቀባዩ የሌለበት መንዙማ ግማሹ ቀርቷልና። በግድግዳ ላይ ግን አታድርጉት። የአላህና የነቢዩ ስም ጭቃ በሚረጭበት መንገድ ዳር መጻፉ ብዙ ምእመናንን ቅር ያሰኛል፤ ቢያንስ በአካባቢው ያሉትን ሸሆች ሳታማክሩ አትጀምሩ።

ከመረጣችኋቸው ሁለት ቦታዎች እኔ መናኸሪያውን አስቀድማለሁ። ተሳፋሪ መኪናው እስኪሞላ ድረስ ቆሞ ስለሚጠብቅ ስምንትና ዐሥር ስንኝ ያለው ግጥም እዚያ ሊነበብ ይችላል፤ በፒያሳ ግን ሰው እየተራመደ ስለሚያልፍ ከአራት ስንኝ አትለፉ።