ከላይ ነጥቶ ከሥር ያልነጣ ኮራል

ጥያቄው ከዱባይ ነው። ጠያቂዋ 300 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አላት። የድሮውን ፍሎረሰንት አውርዳ ኤልኢዲ ከሰቀለች 2 ሳምንት ሳይሞላ፣ ድንጋዩ አናት ላይ ያለው ሞንቲፖራ የሚባል ኮራል ነጣ፤ አሸዋው ላይ ያለው ሀመር የሚባል ሌላ ኮራል ግን ደህና ነው። የውሃ ምርመራዋ ሙቀት 26 ዲግሪ፣ ጨዋማነት ከሺህ 35፣ ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ይላል። «የከፈትኩት 70 ፐርሰንት ብቻ ነው፤ ለዓይን እንዲያውም ከድሮው ይደበዝዛል። ውሃውን ልቀይር ወይስ ኮራሉን ልጣለው?»

እህቴ፣ ምንም እንዳትጥዪ። ኮራል የባሕር እንስሳ ነው፤ ስለነጣ ብቻ ሞተ አይባልም። ቡናማ መልኩን የሚሰጡት ሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ናቸው፤ ከብርሃን ስኳር እየሠሩ ይመግቡታል። ብርሃን ወይም ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ኮራሉ ያባርራቸዋል። አሁን ነጭ ሆኖ የሚታይሽ በስሱ ሥጋ ውስጥ ያለው አጥንቱ ነው። ማታ የእጅ ባትሪ ከጎን አብሪበት። የሚያብለጨልጭ ስስ ሽፋን ካየሽ፣ ጥቃቅን ፖሊፖችም (አበባ የሚመስሉት የኮራሉ አፎች) ብቅ ካሉ፣ በሕይወት አለ። አጥንቱ ተራቁቶ አረንጓዴ ነገር ከለበሰ ግን ያ ክፍል አልፏል።

ቀጥሎ ከቦታው ሳታነሺው ጥላ የሚያርፍበትን ጎኑን እዪ። ቡናማው እዚያ ካለ፣ ሀመሩም ደህና ከሆነ፣ ጥፋተኛው መብራቱ ነው። የውሃው ችግር ቢሆን ብዙውን ጊዜ ሌሎቹንም ይነካ ነበር። ሙቀቱን ግን አንድ ጊዜ ለክተሽ አትመኚ፤ በዱባይ በጋ ከሰዓት በኋላ ሰው ሳይኖር ኤሲው ከጠፋ ውሃው በቀላሉ 30 ያልፋል።

«ይደበዝዛል» ያልሽው ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። የሰው ዓይን አረንጓዴውን አጉልቶ፣ ሰማያዊውን አሳንሶ ያያል፤ የኮራል ኤልኢዲ ደግሞ አብዛኛው ሰማያዊ ነው። 70 ፐርሰንትም የመብራቱ ጉልበት እንጂ ኮራሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መጠን አይደለም። ልኩን የሚነግርሽ የፓር መለኪያ ነው፤ ፓር ማለት አልጌዎቹ ስኳር ለመሥራት የሚጠቀሙበት ብርሃን መጠን ነው። ውድ ስለሆነ አትግዢው፣ ከሱቅ ተከራዪ ወይም ተዋሺ። ለሞንቲፖራ ከ150 እስከ 250 ፓር፣ ለሀመር ከ80 እስከ 150 ይበቃል።

ዛሬውኑ ወደ 35 ፐርሰንት አውርጂው። መስቀያው የሚፈቅድ ከሆነ መብራቱን 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጊ። ሰማያዊው በቀን 8 ሰዓት፣ ነጩ 4 ሰዓት ይብራ። ጨርሰሽ ግን አታጥፊ፤ የተረፉት አልጌዎች የሚኖሩት በብርሃን ነው። ቀለም መመለስ ሲጀምር በሳምንት 5 ፐርሰንት ብቻ ጨምሪ። የቡና ችግኝ ከዳስ ጥላ በአንድ ቀን ወደ ፀሐይ አይወጣም፤ ይህም እንደዚያው ነው።

ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ መሆናቸውን እንደ ጥሩ ውጤት የጻፍሽው መሰለኝ። እኔ አልወደድኩትም። ሁለቱም ለኮራሉና ለአልጌዎቹ ምግብ ናቸው፤ ኃይለኛ ብርሃን የተራበ ኮራል ላይ ሲያርፍ ጉዳቱ ይብሳል። ፎስፌት ማስወገጃ ካለሽ አውጪው፣ ዓሦቹን ትንሽ ጨምረሽ መግቢ። በሊትር ናይትሬቱ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌቱ ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ቢሆን ደስ ይለኛል። ብዙ ውሃ መቀየር አያስፈልግም፣ የተለመደው 10 ፐርሰንት ይበቃል። አዲስ ካርቦንም (ውሃ ማጣሪያ ከሰል) አሁን አትጨምሪ፤ የውሃውን ቢጫነት ስለሚያጠራው ብርሃኑ ይበልጥ ዘልቆ ይገባል።

ኮራሉን ከቦታ ቦታ አታዘዋውሪ። ማገገሙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። መጀመሪያ የሚመለሰው ቡናማው ስለሆነ የቀድሞውን ሐምራዊ ቀለሙን ቶሎ አትጠብቂ። መብራቱን ከቀነስሽ በኋላም ሥጋው ከጠርዝ እየተላጠ ከሄደ ግን ጤነኛውን ክፍል ቆርጠሽ በሌላ ድንጋይ ላይ ለብቻው ለጥፊው።