«በእኛ አገር የተለመደ ነው» ለሚል ወኪል ምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ ከመተማ በኩል የሚመጣ ሰሊጥ ባሕር ዳር ላይ አበጥረን ወደ ውጭ የምንልክ አነስተኛ ድርጅት ነን። በመዳረሻው ወደብ ዕቃችንን የሚያስለቅቅልን የውጭ አገር ወኪል በሚልክልን ሒሳብ ውስጥ ዘወትር «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚል፣ ደረሰኝ የሌለው መስመር አለ። ስንጠይቀው ለጉምሩክ ሠራተኞች የሚሰጥ መሆኑንና በአገሩ የተለመደ እንደሆነ ነገረን። የድርጅታችን የሥነ ምግባር ደንብ ጉቦን ይከለክላል፤ ሥራውን ግን ስለሚያውቅ ልናጣው አንፈልግም። እንዴት እናግባባው?

መልስ፦ ደንባችሁን አስተርጉማችሁ ከመላካችሁ በፊት ከወኪሉ ጋር ያላችሁን ውል አውጥታችሁ እንድታነቡ እመክራለሁ። ዕቃው በፈጠነ ቁጥር ክፍያው የሚጨምር ወይም በዘገየ ቁጥር ቅጣት የሚከፍል ከሆነ፣ ደንባችሁ የከለከለውን ውላችሁ እያዘዘው ነውና ሰውየውን ብቻ መውቀስ አይገባም። ስለዚህ በቂ ቀን ስጡት፤ ሰነዱም መርከቡ ከመድረሱ በፊት ተሟልቶ እጁ ይግባ። በዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የከረጢት ብዛት ከጭነት ሰነዱ ጋር ካልተስማማ፣ ገንዘብ ለሚፈልግ ሠራተኛ ይህ ብቻ በቂ ሰበብ ነው።

«የተለመደ ነው» ላለው ግን ስብከት አትመልሱለት። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለውጭ ባለሥልጣናት ጉቦ መስጠትን ሲከለክል መደበኛ አገልግሎትን ለማፋጠን የሚሰጥ ክፍያን በጠባቡ ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. የ2010ሩ የእንግሊዝ ሕግ ግን ይህንንም አያልፍም፣ በድርጅቱ ስም የሚሠራ ሰው ለሰጠው ጉቦም ድርጅቱን ሊያስጠይቅ ይችላል። ወኪላችሁ ከእንግሊዝ ኩባንያዎች ጋርም የሚሠራ ከሆነ፣ ለእነርሱ ይህን መስመር እንዴት እንደሚያወራርድላቸው በትሕትና ጠይቁት።

ከሚቀጥለው ጭነት ጀምሮ ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለው ወጪ እንደማይተካ በጽሑፍ አሳውቁት። የአገልግሎት ክፍያውን በምትኩ ከፍ አድርጉለት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፣ ያው ገንዘብ በሌላ ስም ይሄዳልና። የጉምሩክ ሠራተኛው ያለ ገንዘብ አልለቅም ቢል ወኪሉ ክፍያው የተጠየቀበትን ደንብ በጽሑፍ እንዲጠይቅ፣ የበላይ ኃላፊውን እንዲያነጋግር፣ ለእናንተም በዚያው ቀን እንዲያሳውቅ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ በዚህ ምክንያት የሚመጣውን የመጋዘን ኪራይ እናንተ እንደምትችሉም በውሉ ይግባ። ይህን አንቀጽ ከፈረመ በኋላም ደረሰኝ የሌለው መስመር ከመጣ፣ ቀጣዩን ጭነት ለሌላ አስለቃቂ ስጡ።