ሕመም አይሰማኝም፣ ታሞክሲፌኑን ላቁመው?

ጥያቄ፦ የ44 ዓመት ሴት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በግራ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል፤ ኬሞቴራፒም ወስጃለሁ። አሁን በየቀኑ ታሞክሲፌን እውጣለሁ። ሌሊት ሙቀት ይወረኝና አንሶላው እስኪርስ ያልበኛል፤ የወር አበባዬም ተዛብቷል። ሕመም ስለማይሰማኝና ጾሙም ስለገባ ባቆመው ይጎዳኛል?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ በራስዎ ውሳኔ አያቁሙት። ታሞክሲፌን የሚሰጠው ሕመም ለማስታገስ ሳይሆን፣ ከቀዶ ሕክምናውና ከኬሞው አምልጠው በሰውነት ውስጥ ሊቀሩ የሚችሉ፣ በምርመራም የማይታዩ የካንሰር ሕዋሳት ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን አግኝተው እንዳያድጉ መቀበያቸውን ለመዝጋት ነው። ይህ ዓይነቱ ካንሰር ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ዓመት፣ ለአንዳንዶችም እስከ 10 ዓመት ይወሰዳል።

ጾሙ አያስጨንቅዎ፤ ክኒኑ በቀን አንዴ፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም የሚዋጥ ስለሆነ ማታ ማድረግ ይችላሉ። እኔ ታካሚዎቼን ከጥርስ ብሩሻችሁ አጠገብ አስቀምጡት እላቸዋለሁ።

ላቡ የታወቀ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ስስ የጥጥ ልብስ መልበስና የማታውን ቡና መተው ጥቂት ይረዳል፤ እንቅልፍ እስከመንሳት ከደረሰ ግን እንደ ቬንላፋክሲን ያለ መድኃኒት ሊታዘዝልዎ ይችላል። ለጭንቀት ወይም ለድብርት የሚታዘዙት ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን ግን የታሞክሲፌንን ኃይል ስለሚቀንሱ፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም ሆነ መድኃኒት ቤት ሲገቡ ታሞክሲፌን እንደሚወስዱ አስቀድመው ይናገሩ።

የወር አበባዎ መዛባት አያረግዙም ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ጽንስን ስለሚጎዳ ሆርሞን የሌለው ሉፕ ወይም ኮንዶም ይጠቀሙ፤ የሦስት ወሩ መርፌና የወሊድ መከላከያ ክኒኑ ለእርስዎ አይሆኑም። ከወትሮው የበዛ ወይም ከወር አበባ ውጭ የመጣ ደም ካዩ የማኅፀን ሐኪም ይመርምርዎ። የአንድ እግር እብጠትና ሕመም ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ክትትሉ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ ሲሆን ማሞግራም (የጡት ራጅ) በዓመት አንዴ ይነሣሉ። ብዙዎች «ሙሉ ሰውነቴ ሲቲ ስካን ይታይልኝ» ይላሉ፤ ምልክት ለሌላት ሴት ግን ከወጪና ከጭንቀት በቀር የሚያተርፈው የለም። አዲስ እብጠት፣ የማይለቅ የአጥንት ሕመም ወይም ሳል ካለ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ይምጡ።